የአምቦው አድማጭ

አምቦ ውስጥ የተጣላ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ኦቦ ኤጄታ ዘንድ ነበር። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያበዛል፣ ዘመድ ወሬ ያዛምታል፣ ፓስተሩ ጥቅስ ያስቀድማል፤ ኦቦ ኤጄታ ግን ያደምጣል። ያውም እንዴት ያለ ማድመጥ! ወንበሩን ወደ ባለጉዳዩ ጠጋ ያደርግና፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ፣ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ዘግቶ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ «እም» ይላል። ሰውየው ያወራል። «እም።» ያለቅሳል። «እም።» ወንድሙን እስከ ሰባት ቤቱ ይረግማል። አሁንም «እም።» አንድም ቀን ሰው አቋርጦ አያውቅም። አንድም ቀን «ተው፣ አንተም እኮ አጥፍተሃል» ብሎ አያውቅም። ምክር ሲለምኑት ራሱን ቀስ አድርጎ ይነቀንቅና ወደ ጣራው ያያል። ባለጉዳዩም «ዝም አይነቅዝም ማለት ይኼ ነው! እንዲህ ያለ አስተዋይ ከየት ይገኛል?» እያለ ቀልሎት ይሄዳል።

የዚህ ሁሉ አስተዋይነት ምንጭ ከታችኛው ከንፈሩና ከድዱ መሃል ነበር። ሱረት ነው። የተፈጨ ትንባሆ፣ ትንሽ አመድ ቢጤ ጣል የተደረገበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ዳር ዱረቲ ከምትባል ሴት የሚገዛ። ቆንጠር አድርጎ ከንፈሩ ስር ይወሽቀዋል። አንዴ ከወሸቀው በኋላ ወሬ የለም፤ አፉን ቢከፍት ይበተናል፣ ቢናገር ምራቁ አገጩ ላይ ይወርዳል። እንግዲህ ሰውየው ምን ያድርግ? አደመጠ።

ነገሩ የተጀመረው ድሮ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፀሐፊ ሳለ ነው። ፋይል ጠፋብኝ የሚል ሰው ሁሉ መጥቶ መስኮቱ ላይ ይጮሃል። ሌሎቹ ፀሐፊዎች መልሰው ይጮሃሉ። ኤጄታ አፉ ሞልቷልና «እም» ይላል። ፋይሉ አይገኝም፤ ሰውየው ግን «ቢያንስ እሱ ሰው ነው፣ ሰማኝ» ብሎ አመስግኖ ይሄዳል። ጡረታ ሲወጣ ስሙ ከሱ ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ጠበቀው። አንድ ጊዜ ዶርቃስ የምትባል የሰፈሩ ሴት ባሏን እየጎተተች መጣች። ሁለቱም ፊቱ ቁጭ ብለው ከምሳ እስከ መክሰስ ተሰዳደቡ። ኤጄታ «እም» አለ። በመጨረሻ ደከማቸው፣ ራባቸውም መሰለኝ፣ ተያይዘው ወጡ። ዶርቃስ «ትዳሬን ያዳነው ኦቦ ኤጄታ ነው» እያለች ከተማውን አዳረሰች። እሱ በበኩሉ ሰዎቹ ባልና ሚስት መሆናቸውን ያወቀው ይኼን ወሬ ሲሰማ ነው፤ የድንበር ክርክር መስሎት ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ሲወራ ሐሳቡ የት ነበር? ቆርቆሮው ላይ። ሱረቱን የሚያስቀምጥባት አሮጌ የቫዝሊን ቆርቆሮ ነበረችው። ሱረቱ ሲገባ ያ ልዩ ሙቀት ድዱን ይዞት ወደ ራሱ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ልቡ ያለው ሙቀቱ ዘንድ ነው፣ ሰው አይሰማም። ሙቀቱ ሲያልቅ ደግሞ «ሌላ ልጨምር? ስንት ቀርቶኛል? ዱረቲ ቅዳሜ ትመጣ ይሆን?» ይጀመራል፣ ያን ጊዜም ሰው አይሰማም። በሁለቱ መሃል አንድ ሻይ የሚጠጣበት ያህል ጊዜ ጆሮው ክፍት ነው። በዚያች ሰዓት የመጣ ባለጉዳይ ዕድለኛ ነበር። ሚስቱ አዴ ሲንቄ «ይኼ ነገር ያደነዝዝሃል» ስትለው «ኧረ ሐሳብ ይሰበስባል እንጂ!» ይላታል። አልዋሸም። ሐሳቡ ተሰብስቦ ቆርቆሮዋ ውስጥ ይገባ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ዘንድ እንደሆነ ሱረት ኃጢአት ነው። ስለዚህ ወንድም ኤጄታ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ጥግ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ይዞ ይቀመጣል። ምእመኑ «ለጨጓራው ነው፣ ያሳዝናል» ይላል። ጠርሙሱ ሲገባ ባዶ፣ ሲወጣ ግማሽ ሙሉ መሆኑን ያስተዋለ አንድም መንፈሳዊ ሰው አልነበረም። ከሻጮቹ በቀር ሱረቱን የሚያውቁት ሚስቱና ልጁ ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ሱረት መውሰዱን አወቁ እንጂ አለመስማቱን አላወቁም።

ልጁ ሶረቲ ጊንጪ ታስተምራለች። አንድያ ልጅ ናት፤ አርብ አርብ ከጊንጪ በሚኒባስ ትመጣለች። ጋዲሳ የሚባል የጊንጪ እህል ነጋዴ፣ መኪናም ያለው፣ ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቷል የሚል ወሬ ቤት ደርሷል። ሲንቄ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ምንጣፍ አሳጥባለች፣ መጋረጃ ቀይራለች። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ፣ አርብ ከሰዓት ሶረቲ ግቢው ውስጥ ጥላው ስር ከአባቷ ጎን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ላንተ ብቻ የምነግርህ ነገር አለኝ» አለች። «እማማ ሳልጨርስ ታቋርጠኛለች፣ አንተ ትሰማኛለህ።»

«እም» አለ ኤጄታ።

አዲስ ሱረት ወሽቋል። ግን ልቡ አላረፈም፤ ቆርቆሮዋ ታቿ ሊታይ ምንም አልቀራት። ያለፈው ቅዳሜ ዱረቲ ሳትመጣ ቀርታ፣ ከሌላ ሴት የገዛው ድዱን አቃጥሎት ነበር። ነገም ብትቀርስ? «ወንጪ ሄደን» የሚል ነገር ሰማ። ወንጪ... ወንጪ መንገድ ላይም የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፣ ግን አመድ ታበዛለች። «ፈረስ» ሲባል ሰማ። «እም» አለ።

እሱ ባይሰማም እኛ እንስማ። ሶረቲ ያለችው ይኼን ነው፦ ከጋዲሳ ጋር ለመዝናናት ወንጪ ሄዱ። ፈረስ የሚያከራየው ሰውዬ ቀልድ ተናገረ፣ እሷ ሳቀች። ስለሳቀች ጋዲሳ ሰው ፊት በጥፊ መታት። በማግስቱ ስጦታ ይዞ መጣ። «በቃኝ» ስትለው ሳቀና «ሽማግሌ እልካለሁ፤ አባትሽ እኔን አይመልሱኝም» አላት።

«ነገ ሲመጡ እምቢ በልልኝ» አለችው። «ምክንያቱን ለማንም አትንገር፣ ለእማማም ቢሆን። ሰው መሃል በጥፊ ተመታች እንድባል አልፈልግም። እምቢ ብቻ በል። ትልልኛለህ አባባ?»

ኤጄታ ዓይን ዓይኗን አያት። ዱረቲ በጠዋት ነው የምትመጣው፣ ከረፈደ ያልቅባታል።

«እም» አለና ራሱን ነቀነቀ።

ሶረቲ ጉልበቱን ስማ ተነሳች። ያን ዕለት ከብዙ ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት ኤጄታ ኮቱን ለብሶ ወደ ገበያ ሊወጣ ሲል ሲንቄ በሩ ላይ ቆመች። «ወዴት? ዛሬ ከግቢ ንቅንቅ የለም! የጊንጪ ሰዎች እየመጡ አንተ ገበያ?» አለች። ይባስ ብላ ያቺን ቆርቆሮ ከግድግዳው ስንጥቅ አውጥታ ሽንት ቤት ጨመረቻት። «ዛሬ እንኳ አፍህን ታጥበህ እንደ ሰው ተቀመጥ። የሚመጡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ደግሞ ስማኝ፤ ሦስት ጊዜ ሳይመላለሱ ልጅ አይሰጥም። ‹ዘመድ እናማክር› በል፣ በቃ። ሌላ ቃል እንዳትጨምር።»

«እሺ» አለ፤ አፉ ባዶ ነበርና ቃል ወጣው።

አይ መከራ! እኩለ ቀን ሳይሆን ድዱ ይበላው ጀመር። ምላሱ በራሱ ሥልጣን ከታችኛው ከንፈሩ ስር እየገባች ትፈትሻለች፣ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች፣ ትወጣለች፣ እንደገና ትገባለች። ቁጭ ሲል መነሳት ያምረዋል፣ ሲነሳ የት እንደሚሄድ ይጠፋዋል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ መንገድ ላይ ጎማ ተበላሽቶባቸው ቆዩ። ሲደርሱ ኤጄታ ከፈረሱ እንደወደቀ ጋላቢ ደንዝዞ ነበር።

እንደ ወጉ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «አካም ጅርቱ! ሰላም ለዚህ ቤት!» አሉ። ግቡ ሲባሉ ገቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። መሪያቸው ኦቦ አያና የሚባል፣ ንግግሩን ከኖኅ ዘመን የሚጀምር ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ዛፍና ስለ ሥሩ፣ ስለ ወንዝና ስለ ምንጩ፣ ስለ ሁለት ቤት አንድ መሆን ያወርደው ጀመር። ሲንቄ ከበሩ አጠገብ ቆማ እንባዋን ታብሳለች። ሶረቲ ጓዳ ናት፣ የልብስ መተኮሻ ይዛ ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ አንዳች ስጋት ፊቷ ላይ አይታይም። አባቷ ሰምቷታላ!

የኤጄታ ዓይን ግን ሥራ አገኘ። ከሽማግሌዎቹ መሃል መጽሐፍ ቅዱስ ብብቱ ስር ያቀፈ፣ ነጭ ሸሚዝ በክራቫት የለበሰ አንድ ሰው ነበር። ኦቦ ዳዲ ይባላል፤ የጋዲሳ አጎት፣ ጊንጪ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ወጣቱን ከሱስ በማላቀቅ አገልግሎት የታወቀ። ኤጄታ ይኼን ሁሉ አላየም። ያየው የኮቱን ደረት ኪስ ነው። ኪሱ ላይ አንድ ክብ ነገር ጨርቁን ገፍቶ ወጥቷል። ክብ። ጠፍጣፋ። የቆርቆሮ ክዳን ያህል። ሰው የሞላበት ቤት ከነ ኦቦ አያና፣ ከነዛፉ፣ ከነምንጩ ጭልጥ ብሎ ጠፋና ያቺ ክብ ነገር ብቻ ቀረች።

ሱረተኛ ሱረተኛን ለመለየት መታወቂያ አይጠይቅም። ዳዲም የኤጄታን ምላስ ከንፈሩ ስር ስትመላለስ አየ። ከየት መጣ የማይባል ርኅራኄ ፊቱ ላይ ታየ። አመል ያወጣል ከመሃል እንዲሉ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሁለቱ ብቻ ተገናኙ። ዳዲ በአውራ ጣቱ ኪሱን ጠቅ ጠቅ አደረገ። ቅንድቡን አነሳ። ከዚያ በአገጩ ወደ ጓሮ አመለከተ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ትፈልጋለህ?

ልክ በዚያች ቅጽበት ኦቦ አያና «...እንግዲህ ልጃችሁን ሶረቲን ለልጃችን ለጋዲሳ ትሰጡን ዘንድ በእግዚአብሔር ስም ለምነናል። ምን ይሉናል ኦቦ ኤጄታ?» ብሎ ጨረሰ።

«እም!» አለ ኤጄታ። ፊቱ በራ። «እም! እም!» ራሱን እንዲህ ሲነቀንቅ ያየው ሰው የለም። እንባም አቅርሯል።

 ኦቦ አያና ለሦስት ምልልስ የሚሆን ንግግር አዘጋጅቶ መጥቷል፤ ገና የመጀመሪያው ላይ ተሰጠው! ግን ሞኝ አይደለም፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብሎ ሳሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለና «እግዚአብሔር ያክብርልን! ዘመድ ሆንን!» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ሲንቄ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች። ኤጄታ ምን እንደተጨበጨበ አልጠየቀም፤ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ በጓሮ በር ወጣ። ዳዲም ተከተለው።

ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ መሃል፣ ዳዲ ቆርቆሮውን ከፈተ። አቤት ሱረት! ደቃቅ፣ ጥቁር፣ ያልተበረዘ። ኤጄታ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ወሸቀ። ዳዲም ለራሱ እፍኝ የሚያህል ጨመረ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ሙቀቱ ደረሰ፣ ድዱ ዝም አለ፣ ዓለም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ዳዲ ገና ምራቁ ሳይሞላ «ወንድ ማለት እንዳንተ ነው ዘመዴ» አለ። «አንድ ጊዜ ተጠይቀህ ልጅህን ሰጠህ። ይኼ በኛ አገር ታይቶ አይታወቅም።»

«እም» አለ ኤጄታ በልማዱ። ከዚያ ዓይኑ ተገለጠ። ልጅህን ምን? «እም?» አለ።

«እም!» አለ ዳዲ፤ አሁን የሱም አፍ ሞልቷል።

የጓሮው በር ተከፈተና ሶረቲ ወጣች። ዳዲ እንዳላየ ዞሮ የእንሰት ቅጠል ይመረምር ጀመር። ሶረቲ አባቷ ፊት ቆመች። እያለቀሰች ቢሆን ይሻለው ነበር፤ አላለቀሰችም።

«አባባ፣ ትናንት ምን አልኩህ?»

«እም...»

«እም አይደለም። ምን አልኩህ?»

ኤጄታ ፈለገ። ከልቡ ፈለገ። ወንጪ የሚል ነገር ነበረ። ፈረስ ነበረ። ከዚያ ዱረቲ ነበረች፣ ከዚያ ቆርቆሮዋ። ሌላ የለም። ልጁ ስታወራው ያየው ሁሉ ትዝ አለው፣ ጣቶቿን እንዴት እንደምታፍተለትል፣ ሻርፗን እንዴት እንደምታስተካክል። ድምጿ ግን አልነበረም።

«መታኝ አልኩህ» አለች። «ስለሳቅኩ ሰው ፊት በጥፊ መታኝ አልኩህ። እምቢ በልልኝ፣ ምክንያቱን ግን ለማንም አትንገር ብዬ ጉልበትህን ስሜ ለመንኩህ። አንተም ዓይን ዓይኔን እያየህ እም አልከኝ።» ከንፈሩን አየችው፣ እብጠቱን። ከዚያ የዳዲን ጀርባ አየች፣ መሬት ላይ የተረሳችውን ቆርቆሮም አየች። ልጅ አይደለችም፤ የተፈጸመውን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። «ለዚህ ነው ራስህን የነቀነቅከው?» አለች። ተመልሳ ገባች።

 ለስንት ዓመት የሰው ለቅሶ ሲያልፍበት የኖረውን ሰውዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ደረቱን መታችው። ልጄን መቷታል፤ እኔ ደግሞ ለመቺው ሰጠኋት፤ ያውም በአንድ ቁንጥር! አፈረ፣ አዘነ፣ ተናደደም። ቤት ውስጥ የሚጠብቀውን ደግሞ ያውቃል። ሽማግሌ ፊት ቃሉን ያጠፈ ሰው ከዚያ በኋላ ሰው አይደለም። ዝም ቢል ስሙ ይተርፋል። ዝም ማለት ደግሞ ያውቅበታል። ግን የልጁ ጀርባ በበሩ ሲገባ አየና ተከትሎ ገባ።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ለስላሳ ይጠጣሉ። ኤጄታ መሃል ቆመ። ጣቱን ከንፈሩ ስር ከተተ፣ ያንን ጥቁር ነገር ሰብስቦ አወጣና መዳፉ ላይ አደረገው። ሁሉም አየ። ሲንቄ «ወይኔ ጉዴ!» አለች።

«ልጄን አልሰጥም» አለ።

ኦቦ አያና ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ኦቦ ኤጄታ፣ አሁን እኮ ሰጥተውናል!»

«አልሰማሁም።»

«ምኑን?»

«ያላችሁትን። ስለ ዛፍ ምን እንዳላችሁ አላውቅም። የልጁን ስም እንኳ አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ፈገግ አሉ። አንዱ «ትሕትና ነው» ብሎ አጠገቡ ላለው ሹክ አለ፤ «ኦቦ ኤጄታ ካልሰማ ማን ሊሰማ!» ኦቦ አያና ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባውና ድምጹን ከፍ አደረገ። «አባቶቻችን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለዋል!»

«እኔ መች ተናገርኩ?» አለ ኤጄታ።  «ዕድሜዬን ሙሉ ተናግሬ አላውቅም። የወለድኳት ግን ያቻትና። እሷ አትጠፋም።»

«ታዲያ ያን ያህል ራስዎን የነቀነቁት ለማን ነው?»

ኤጄታ በጓሮ በር በቀስታ ወደሚገባው ሰው በጣቱ አመለከተ። «ለሱ። ሱረት ልስጥህ አለኝ፣ አዎ አልኩት።»

የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ዳዲ ዞረ። መጽሐፍ ቅዱሱ አሁንም ብብቱ ስር ነው። «ኦቦ ዳዲ! ይኼ ሰውዬ ምን እያለ ነው? እውነት ነው?» አለ አያና። ምስኪን ዳዲ! አፉን ቢከፍት ሱረቱ ነጭ ሸሚዙ ላይ ሊፈስ ነው። ቢውጠው እዚያው ሊያስታውከው ነው። ሐሰት ነው ለማለት ቃል ያስፈልጋል፣ ቃል ለማውጣት ደግሞ አፍ ያስፈልጋል። ዙሪያውን አየ፣ ጣራውን አየ።

«እም» አለ፤ በዚያችው በትንሿ ክፍተት ቡናማ ምራቅ ወጥታ አገጩን ይዛ እስከ ክራቫቱ ወረደች።

ሽማግሌዎቹ ሳራቸውን ሳያነሱ ተነሱ። ኦቦ አያና በሩ ላይ ዞሮ «ለልጁ ምን ብለን እንንገረው?» አለ። ኤጄታ ጓዳ በር ላይ የቆመችውን ሶረቲን አየ። ምክንያቱን አትንገር ብላዋለች፤ ይኼኛውን ሰምቷል። «ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል በሉት» አለ።

የሽማግሌዎቹ ሚኒባስ ጊንጪ ሳይደርስ ወሬው በስልክ ደርሶ ተቀበለው። አምቦማ አትጠይቁኝ። «አድማጭ ነው ያልነው ሱረተኛ ኖሯል!» ተባለ። ለስንት ዓመት ሆዱን የገለበጠለት ሰው ሁሉ ተቆጣ፤ የተናደዱትም ምስጢራቸውን ስለሰማ ሳይሆን ስላልሰማ ነው። ዶርቃስ ሳትቀር «ታዲያ ማን ነው ያስታረቀን?» ብላ ከባሏ ጋር እንደ አዲስ ተጣላች። ቤተ ክርስቲያንም ወንድም ኤጄታን ለጊዜው ከኅብረት አገደች። ዳዲ ግን ዕድለኛ ነው፤ ጊንጪ ላይ በእንባ ንስሐ ገባ፣ ምስክርነት ሰጠ፣ አሁን የሱስ አገልግሎቱ ድሮ ከነበረው ሰፍቷል፤ ልምድ አለው ይሉታል።

ኤጄታ ሱረት ተወ። ማንም አላመነውም፣ ግን ተወ። ዱረቲ ባለችበት ላለማለፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት አይወጣም። መጀመሪያ ላይ ራሱን ያመው ነበር፣ ያለምንም ነገር ይቆጣ ነበር፣ ሐሳቡ ከበረት እንዳመለጠ ጥጃ አንድ ቦታ አልቆም ይለው ነበር። ቀስ በቀስ ጆሮው ተከፈተ። ዶሮዎቹ ይሰሙታል፣ መንገድ ላይ የሚያልፈው ባጃጅ ይሰማዋል፣ የጎረቤቱ ራዲዮ ይሰማዋል። አሁን ባለጉዳይ ቢመጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማዋል። ወንበሩንም ከጥላው ስር አላነሳውም። ማንም አይመጣም።

ሶረቲ ዛሬም አርብ አርብ ትመጣለች። ጉንጩን ትስመዋለች፣ ብርቱካን ታመጣለታለች፣ «እንዴት ዋልክ አባባ?» ትላለች። ክፉ ቃል አልወጣትም። አንድ ቀን ታዲያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሻርፗን አስተካከለች። ጣቶቿን አፍተለተለች።

«አባባ» አለች፤ ድምጿ ያን ዕለት የነበረው ድምጽ ነው።

ኤጄታ ሰማ! መላ ሰውነቱን ወደሷ አዞረ። ከዚህ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም፤ ጌታዬ ሆይ ዛሬስ አንዲት ቃል አታምልጠኝ አለ በልቡ። እጁ ግን ሳያማክረው ወደ ኮቱ ኪስ ሄደች። ኪሱ ባዶ ነው፣ ባዶ መሆኑንም ያውቃል። ጣቶቹ ግን ጨርቁን ላይ ታች ይዳብሱ ጀመር።

ሶረቲ እጁን አየች።

ኤጄታ ደንግጦ እጁን መለሰ። «ምን ልትዪኝ ነበር ልጄ? ንገሪኝ፣ እየሰማሁሽ ነው።»

«ምንም» አለች። «ሻይ ላምጣልህ?» ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ትንሽ ቆይቶ ከወጥ ቤቱ ድምጿ ይሰማ ጀመር። ዝቅ ብላ ታወራለች። ሲንቄ እንደ ልማዷ ታቋርጣታለች፣ «ምን? መቼ? ቆይ ቆይ፣ ማን አለሽ?» ትላለች፣ ሶረቲ ትመልሳለች፣ እንደገና ታቋርጣታለች። ኤጄታ ወንበሩን አንስቶ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ስር አስቀመጠና ጆሮውን ጭቃው ላይ ለጠፈ። የልጁ ድምጽ ይሰማል። ቃሉ ግን አይለይም።